ለፀጉር አስተካካዩ መቆጣት ክልክል ነው

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። "ነበር" እንድል የሚፈልጉ አሉ፤ አልልም። ምላጭ ይያዝ አይያዝ፣ መንገድ ላይ ሰው ሲያልፍ መጀመሪያ የሚያየው ማጅራቱን ነው። "ይሄን ሰውዬ በቀኝ በኩል አጉድለውበታል" ይለኛል። ዞር ብዬ ሳይ እውነትም አጉድለውበታል። እንዲህ ያለ ሰው ታዲያ ሌላ ምን ይባላል?

የምንሠራው አንድ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን ኮምፖርሳቶ ለሁለት ከፍሎታል፤ በመንገዱ በኩል የወንዶች፣ በጓሮው በኩል የሴቶች። የሴቶቹ ክፍል የኔ ነው፤ አንድ ፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ የፀጉር መታጠቢያ፣ ሁለት ወንበር፣ ቅርጫት ሙሉ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን። ኮምፖርሳቶ ደግሞ ዓይን ይከልል እንደሆነ እንጂ ወሬ አያግድም። ማዶ ወንዶቹ የሚያወሩትን ሴቶቼ ይሰማሉ፤ እዚህ ሴቶቼ የሚያወሩትን ደግሞ ወንዶቹ ቶንዶሱን አስጠፍተው ያዳምጣሉ። የሙቅ ውሃው ማንቆርቆሪያ ያለው ማዶ ስለሆነ በቀን እልፍ ጊዜ መጋረጃውን ገልጬ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁን ነገር በወሬ አይደለም የማውቀው፤ በዓይኔ በብረቱ አይቼ ነው። አፌ እንደማያርፍ፣ ነገር ሆዴ ውስጥ እንደማያድር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዋሽታ ታውቃለች የሚለኝ ግን ካለ ይምጣ።

ወንድሜ ከመታመሙ በፊት ቁጡ ነበር። ሲቆጣም ያምርበት ነበር። ተራ አልፎ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ካየ ቶንዶሱን አጥፍቶ፣ "ጌታዬ፣ እነዚህ ሰዎች እዚህ የተቀመጡት ለጌጥ መሰሉህ?" ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ድንቡሽቡሽ ያለ ደንበኛ ወንበር ላይ ሆኖ ሚስቱን በስልክ ይሰድባል። የስድብ ዓይነት! ወንድሜ ግማሽ ጢሙን ላጭቶ ምላጩን አጠፈና፣ "ሰድበህ ስትጨርስ የቀረውን እጨርስልሃለሁ" ብሎት አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ሰውዬው ግማሽ ጢም ይዞ የት ይሄዳል! ስልኩን ዘጋ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ሴቶቼ ኮምፖርሳቶውን በጡጫ እየመቱ አጨበጨቡለት። ያን ጊዜ ማንም "አበደ" አላለውም። "ወንድ ነው" ነበር ያሉት።

አባታችን ሲሞት እንቅልፍ እምቢ አለው። መጀመሪያ ሐዘን ነው አልን። ከዚያ ድምፅ ሁሉ ጠላቱ ሆነ፤ የቧንቧ ጠብታ፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ የመኪና ሞተር። ዓይኑ ቀላ፣ ጉንጩ ጎደጎደ፣ ሲናገር የጀመረውን አይጨርስም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ደንበኛውን ወንበር ላይ ትቶ፣ አንገት ላይ የሚታሰረውን ነጭ ጨርቅ ትከሻው ላይ እንደጣለ ወጣና አደባባዩ መሃል ቆመ። እጁን ዘርግቶ መኪናዎቹን አስቆመ። "ሞተር ይጥፋ! ሰው ተኝቷል!" አለ። ስድብ የለ፣ ድንጋይ የለ። በየመስኮቱ እየሄደ፣ "ወንድሜ፣ እባክህን፣ ሞተር አጥፋ፣ ሰው ተኝቷል" እያለ ይለምናል። ሰው ተኝቷል የሚለው ራሱን ነበር። መተኛት ነበር የፈለገው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ክንዱን ይዞ ጥላ ስር የሚያስቀምጠው አንድ ሰው ጠፋ፤ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ግን መዓት ነበር።

ያን ዕለት ጣቢያ አሳደሩት። እዚያ ምን እንደገጠመው እስከ ዛሬ አልነገረንም። እናቴ በማግስቱ ስትረከበው ጫማ እግሩ ላይ አልነበረም፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ እሷንም አላወቃትም። "እማዬ ነኝ" እያለችው፣ "እሺ እናቴ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ" አላት፣ እንደ ባዕድ። እናቴ ዛሬም ጣቢያ ባለበት መንገድ አታልፍም፤ ዞራ ነው የምትሄደው።

ቪዲዮውን ምት ገጠሙለት። ከበሮ አስገብተው፣ ድምፁን አቅጥነው፣ "ሰው ተኝቷል፣ ሰው ተኝቷል" እያለ የሚያስጨፍር ዘፈን አደረጉት። ሹፌሮች በመስኮት ይጮኹበታል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ነጭ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ጥለው እሱን እየመሰሉ ይጫወታሉ። "ትራፊኩ" አሉት። እናቴ ያወጣችለት ስም ቀረ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነውና ነገሩ፣ ቪዲዮውን ያላየው ሰው ሁሉ ሳይቀር ትራፊኩ ይለው ጀመር።

ወንድሜ ግን ዳነ። ይሄን ማንም አይሰማኝም እንጂ ዳነ! ሐኪም ቤት ተኛ፣ መድኃኒቱ ሠራለት፣ እንቅልፉ ተመለሰ፣ ከእንቅልፉ ጋር እሱም ተመለሰ። መድኃኒቱ መጀመሪያ እጁን ያንቀጠቅጠው ነበር። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፤ ለፀጉር አስተካካይ ግን ሞት ነው። ሐኪሟ ሰምታ መድኃኒቱን ቀየረችለት፤ እሱ ደግሞ እንደ ጀማሪ ፊኛ መላጨት ጀመረ። ጀማሪ ሰው ፊት ላይ አይለማመድም፤ የተነፋ ፊኛ አረፋ ይቀባና ሳያፈነዳ አረፋውን በምላጭ ማንሳት አለበት። እኔ እነፋለሁ፣ እናቴ ትይዛለች፣ እሱ ይላጫል። ፊኛው በፈነዳ ቁጥር እናቴ፣ "ወይኔ ጉዴ!" ትልና ትስቃለች። ውሎ አድሮ መፈንዳቱ ቀረ። እናቴ ያልፈነዱትን ፊኛዎች በሙሉ ሳሎን ሰቀለቻቸውና ለሚመጣው ጎረቤት ሁሉ፣ "ልጄ የላጨው ነው" ማለት ጀመረች። ጎረቤቶቹ ምን እንዳሉ ባልነግራችሁ ይሻላል።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ጋሼ ናቸው። ወንድሜን ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል። አስጠሩትና፣ "ወንበርህ ይጠብቅሃል፣ ና" አሉት። "አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ ልጄ። ሰው ይፈራል። ደንበኛ ላይ አንዴ፣ አንዴም ቢሆን፣ ከተቆጣህ ምላጩን ከእጅህ እቀበልሃለሁ።"

"አልቆጣም ጋሼ" አለ ወንድሜ።

ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። የተናገሩትም ነገር የክፋት አልመሰለንም። እናቴ እንዲያውም መረቀቻቸው። ለወንድሜ ምላጩ ሰው የመሆኑ ማረጋገጫ ነበር፤ ጉሮሮውን አምኖ የሚሰጠው ሰው እስካለ ድረስ እብድ አይደለም። ለዚያ ሲል መቆጣትን ተወ።

ሰው ሳይቆጣ መኖር የሚችል ይመስላችኋል? ሞክሩት። ወንድሜ ሲስቅ፣ "አየኸው፣ ያስቀዋል" ይላሉ። ዝም ሲል፣ "ሊነሳበት ነው።" ውሃ ሲጠጣ፣ መድኃኒቱ አፉን ስለሚያደርቀው ነው፣ "ውሃ አበዛ።" ሹራብ ቢደርብ ይተያያሉ፣ ሹራብ ቢያወልቅ ይተያያሉ። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አንዱ ወጠምሻ እግሩን ረገጠው፤ ይቅርታ የጠየቀው ወንድሜ ነው! አጠገቡ ነበርኩ። ቆሽቴ አረረ። "ምን አባክ እያየህ ነው ሰው የምትረግጠው!" አልኩት ሰውዬውን። ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ።

"እታለም፣ ተይው" አለኝ። "አንቺ በተቆጣሽ ቁጥር 'ዘራቸው ነው' ነው የሚሉት።"

ዱቄት ሆንኩ። እውነቱን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ጥርሴን ነክሼ ኖርኩ፤ እኔ፣ ምላሴን ሰፈሩ የሚፈራው! ቤት ስንገባ እናታችን፣ "ዝም አይነቅዝም ልጆቼ" ትለናለች። ሁለታችንም ዝም ብለን እራታችንን እንበላለን። አንዳንዴ ወንድሜ ሳይጎርስ ሳህኑን ይገፋል። "ጠገብኩ" ይላል። ያልበላ ሰው እንዴት ይጠግባል? ሆዱን የሞላው ሌላ ነው።

ከፊት ለፊታችን አንድ ስልክ ጠጋኝ አለ። ሱቁ እንደ ቁም ሳጥን የጠበበ፣ ወሬው ግን አደባባይ የሚሞላ። ሁለት ቀን አያሳልፍም፣ ሊላጭ ይመጣል፤ የጢም ሰው ሆኖ አይደለም፣ ትራፊኩን ሊያጫውት ነው። ደንበኞቹንም ይዞ ይመጣል። "ኑ፣ ትራፊኩ ጋ እንላጭ፣ ነፃ ሲኒማ አለ" ይላቸዋል። ወንድሜ ጨርቁን ሲያስርለት፣ "ጨርቁን አንተ ትከሻ ላይ ነው የማውቀው!" ይላል፤ አግዳሚው በሳቅ ይሞታል። ወንድሜም ፈገግ ይላል። ካልሳቀ ሊነሳበት ነዋ! ፈገግታው እንዴት ያለ እንደነበር በመስታወቱ ውስጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ እብድ ነው እያሉ ጉሮሯቸውን ይሰጡታል። ምላጭ ከጉሮሮ በላይ ቆሞ ሳለ ይቀልዱበታል። በልባቸው ቢፈሩት ኖሮ በዚያ ወንበር ይቀመጡ ነበር? ጤነኛ እንደሆነ፣ እጁ እንደማይስት ከሐኪሞቹ ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንዷ ደንበኛዬ ካስክ ውስጥ ሆና፣ "አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን ሁለቱም እዚሁ ያመልጣቸዋል" አለች። ሳቅን። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ስለማይሰማው ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ማዶም ሰምተዋታል።

ያ ቀን ሥራ የበዛበት ቀን ነበር። ደንበኛዬን ላጥብ ሙቅ ውሃ ልቀዳ መጋረጃውን ስገልጥ ስልክ ጠጋኙ ወንበሩ ላይ ጋለል ብሏል፤ ፊቱ አረፋ በአረፋ፣ አንገቱ ወደ ላይ። ከኋላ አግዳሚው ላይ ሁለት ጓደኞቹ። አንደኛው ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል።

"ትራፊኩ፣ አንዴ በል እስቲ፣ ሞተር ይጥፋ በል" ይላል ስልክ ጠጋኙ፣ አገጩን ሳያንቀሳቅስ።

ወንድሜ ምላጩን ከጆሮ ግንድ ወደ መንጋጋ ቀስ አድርጎ እያወረደ ነው።

"ለልጆቹ ብለህ። አንዴ ብቻ፣ ምን አለበት?"

"አትናገር ወንድሜ፣ ምላጭ ነው" አለው፣ ለስለስ አድርጎ።

ሁለተኛው ጓደኛ ይሄኔ ስልኩን አወጣና ዘፈኑን ለቀቀው። የወንድሜ ድምፅ ነው፤ ያ የታመመው ድምፁ፣ ከበሮ ተመቶበት፣ ቤቱን ሞላው። የስልክ ጠጋኙ ትከሻ ጨርቁ ስር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁን እየዋጠ ነው። ወንድሜ አየው፤ ከዘፈኑ በላይ እንዲሰማው ጮክ ብሎ፣ "ዝም በል! አትሳቅ!" አለና ምላጩን ሊያነሳ ሲል ሳቁ አመለጠው። ሰውዬው በሙሉ ሰውነቱ ተፈናጥሮ በመንጋጋው ምላጩ ላይ መጣ። ምላጩ አይደለም የሄደው። እሱ ነው የመጣው። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ፣ ከዚህ እዚያ በማይሞላ ርቀት አየሁት።

"አረደኝ! ኧረ በሕግ አምላክ!"

ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም፤ ፊት ግን ሲደማ አይጣል ነው። ወንድሜ ምላጩን ጥሎ ንጹሕ ፎጣ አነሳ፣ ቁስሉን ጫን አድርጎ ያዘ። "አይዞህ፣ ቀላል ነው፣ አትንቀሳቀስ" ይላል። እጁን አየሁት። ፊኛ እንደያዘ ሰው እጅ ጸጥ ያለ ነበር። ወዲያው ግን ከኋላው አንቀው ጎተቱት። "አርቁት! ተነስቶበታል! ምላጩን ውሰዱ!" ጋሼ ከጥጋቸው ተነስተው ግድግዳውን ይዳብሳሉ። ዘፈኑ አላቆመም፤ ያጠፋው አልነበረም።

ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም ያላየውን ይናገራል። "ቀልድ ስንቀልድ ድንገት ዓይኑ ተገለበጠ" አለ የሚቀርጸው ልጅ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! "ውሸታም!" አልኩ። "እናንተ ዘፈን ከፍታችሁ፣ ሰውዬው ሲስቅ ተንቀሳቅሶ ነው! አይቻለሁ!" አንድ ሽማግሌ ወደኔ ዞረው፣ "እህቱ ነሽ ልጄ፣ ይገባናል" አሉኝ። ምን እንደገባቸው እንጃ።

አንድ ፖሊስ መጣ፤ ረጋ ያለ፣ ጎልማሳ። ቪዲዮውን አሳዩት። ቪዲዮው የሚያሳየው የወንድሜን ጀርባ ነው። ዘፈኑ ይጮኻል፣ ጀርባው ይታያል፣ "ዝም በል! አትሳቅ!" የሚለው ይሰማል፣ ከዚያ ጩኸት። ፖሊሱ ሁለቴ አየው። አፌ እስኪደርቅ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ።

"እንግዲህ" አለ ወንድሜን፣ "ስለት ይዘህ ሰው አቁስለሃል። አውቀህ ከሆነ ወደ ጣቢያ ነው የምንሄደው። ታመህ ከሆነ ደግሞ የሐኪም ወረቀት እንዳለህ ነግረውኛል፤ ቤተሰብ ይረከብሃል፣ ተጎጂውም ይቅር ካለህ እዚሁ ያልቃል።"

"ሌላም አለ" አለ ወንድሜ። "ሰውዬው ተንቀሳቀሰ።"

"እሱን ለዳኛ ትናገራለህ።"

"እሺ፣ ለዳኛ እናገራለሁ። ጣቢያ እንሂድ።"

እንዲህ ቀና ብሎ ሲናገር ካየሁት ቆይቼ ነበር። ጎሽ አልኩ በልቤ። ጎሽ ወንድም ዓለም! ጃኬቱን ከመስቀያው አውርዶ ለበሰ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ። ፖሊሱም መንገድ ለቀቀለት።

እናታችን ደረሰች። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ነጠላ ጫማዋ አንዱ የኔ፣ አንዱ የሷ ነበር። "ጣቢያ" የሚለውን ቃል ስትሰማ እንደ ጨርቅ ተጣጥፋ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ፀጉሩና ደሙ ላይ። የፖሊሱን እግር ያዘች።

"አሞታል! ልጄ በሽተኛ ነው የኔ ጌታ! እዚያ አትውሰድብኝ!"

"እናቴ፣ ይነሱ" ይላል ፖሊሱ፣ ጨንቆታል።

"እማዬ፣ ተነሺ። አላመመኝም" አላት ወንድሜ።

"አሞሃል!"

"እማዬ፣ ሰውዬው ነው የተንቀሳቀሰው። አንድ ነገር አላደረግሁም።"

"አውቃለሁ ልጄ" አለች እናቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኔና እሱ ብቻ እንድንሰማት። "አውቃለሁ። አሞኛል በላቸው። ያን ጊዜ ስትመለስ አላወቅከኝም። ሁለተኛ ካላወቅከኝ እሞታለሁ። በላቸው።"

ወንድሜ አየኝ። ምን ልበለው? እንዳትል ልለው አፌን ከፈትኩ፤ እናቴ መሬት ላይ ተዘርግታ በዚያ ዓይኗ ስታየኝ ቃል አልወጣ አለኝ። እልፍ ነገር የሚወጣው አፌ!

"አሞኝ ነው" አለ ወንድሜ።

ቤቱ በሙሉ ተነፈሰ። በአንዴ ሁሉም ሰው ደግ ሆነ። አንዱ ወንበር አቀረበለት፣ አንዱ ጃኬቱን አወለቀለት፣ "አይዞህ፣ የማያልፍ የለም" አሉት። ፖሊሱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ስልክ ጠጋኙ ፎጣውን መንጋጋው ላይ እንደያዘ ተነሳ፤ እውነትም ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ "ይቅር ብዬሃለሁ ወንድሜ" አለ። "በሽታው ነው እንጂ አንተ አይደለህም።" ተባረክ አሉት፣ ትልቅ ሰው ነህ አሉት። እናቴ እጁን ሳመችው።

"አመስግነው እንጂ" አሉት ጋሼ ወንድሜን።

"አመሰግናለሁ" አለ ወንድሜ።

ጋሼ ምላጮቹን በፎጣ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉ። አልተቆጡትም፤ "ውል ውል ነው ልጄ፣ ግን ከቤቴ አትጠፋም" አሉት። አሁን ወንድሜ በዚያው ቤት ወለል ይጠርጋል፣ ፎጣ ያጥባል። ምላጩን የሚይዙት ጋሼ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ደንበኛ በየቀኑ ተቧጥጦ ይወጣል፤ አንድም "አረዱኝ" ያለ የለም፤ ጥጥ ይዘው እየሳቁ ይሄዳሉ።

ትራፊኩ የሚለውም ቀረ። ልጆቹን እናቶቻቸው ይቆጧቸዋል፣ "ተዉት፣ በሽተኛ ነው።" ስልክ ጠጋኙ ለስላሳ ይገዛለታል። ዘፈኑን እሱ ባለበት አይከፍቱም። እናቴ ሰው እንዲህ ደግ ሆኖ አይታ አታውቅም፤ ደስ ብሏታል፣ እሱም ይተኛል፣ ይበላል፣ ሲያናግሩት "እሺ" ይላል። እኔ ግን ያ "እሺ" በኮምፖርሳቶው ሲመጣ ማበጠሪያዬን የምሰብር ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ነው። ስልክ ጠጋኙ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጋሼ እየላጩት፣ ለአንድ እንግዳ ደንበኛ መንጋጋው ላይ ያለውን ጠባሳ ያሳየዋል። "ይሄ ወንድማችን ነው ያበረከተልኝ" ይላል፣ በሐዘኔታ። "አልፈረድኩበትም። ተነስቶበት ምን ያድርግ?"

ማዶ የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ።

"አልነካሁህም!"

ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ማበጠሪያዬ ከእጄ ወደቀ። የወንድሜ ድምፅ ነው፤ የድሮው፣ ግማሽ ጢም ላጭቶ የተቀመጠው ሰውዬ ድምፅ። "አንተ ነህ የተንቀሳቀስከው! የኔን ሕመም ዘፈን አድርጋችሁ ስትስቅ ምላጬ ላይ የመጣኸው አንተ ነህ! አላመመኝም ነበር! ዛሬም አላመመኝም! ሰማችሁ? ጤነኛ ነኝ፣ የተቆጣሁ ጤነኛ ነኝ!"

መጋረጃውን በርግጄ ገባሁ። ልዋሻችሁ አልችልም፣ ደስ አለኝ! ወንድሜ ተቆጣ! ፊቱ ቀልቷል፣ ቆሞ አፍጥጦባቸዋል። አሁን ይመልሱለታል፣ ይከራከሩታል፣ እኔም እገባበታለሁ ብዬ ጠበቅሁ።

ማንም አልተከራከረውም። ጋሼ ቀስ ብለው የቤቱን ሬዲዮ ዘጉ። እንግዳው እግሩን ወደ ወንበሩ ስር ሰበሰበ። ስልክ ጠጋኙ በግማሽ አረፋ ተነሳ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ "አዎ ወንድሜ፣ እውነትህን ነው" አለው። "እኔ ነኝ የተንቀሳቀስኩት። አንተ ምንም አላደረግህም። እሺ? እኔ ነኝ።" ከኋላ ላሉት በዓይኑ ጠቀሰና ተመልሶ ተቀመጠ።

"እውነት ነው እኮ!" ጮህኩ።

"እውነት ነው እህታችን፣ እሺ፣ እውነት ነው" አሉኝ፣ ሁሉም፣ በዚያው ድምፅ።

ወንድሜ አንድ በአንድ አያቸው። አንዱ ብርጭቆ ውሃ እጁ ላይ አደረገለት። አፉ ደርቆበት ነበርና ጠጣው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መጥረጊያውን አነሳ፣ ወንበሩ ስር ወደተከማቸው ፀጉር ሄደ።

"እግርህን አንሳልኝ ወንድሜ" አለው ስልክ ጠጋኙን።